ከገደሉ የሚጣራው አሊ

ይህ ታሪክ የተፈጸመ ነው። እመኑኝ ብዬ አልለምንም፤ በቦታው ባልኖር ኖሮ እኔም አላምነውም ነበር።

ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው። ስፍራው ከዋጃ በስተምሥራቅ፣ በረሃው ዳር የቆመ አንድ ተራራ።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ተልኬ ቆቦ አስተምር ነበር። ተራራው ለዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ተብሎ በሽቦ ከታጠረ ወዲህ ሰው አይገባበትም። ቀድሞ ግን ዝናብ በጠፋ ቁጥር አገሩ ከነከብቱ ወደ ላይኛው ምንጭ ይወጣ ነበር። በዚያ የረሃብ ዓመት ሕዝቡ ከአጥሩ ሥር ሰፍሮ ሽቅብ ያያል።

ካሜራ ተውሼ መጣሁ። ምንጩ አለመድረቁን የሚመሰክር ፎቶ ለሹሙ ካሳየሁ የአጥሩ በር ይከፈታል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

ስደርስ ዚነት የምትባል ሴት ሕፃኗን ሲቲን አዝላ ከዘበኛው ጋር ትነታረካለች። ባሏ አሊ ከሳምንታት በፊት በሽቦው ሾልኮ ገብቶ አልተመለሰም።

«አያ ካሳው፣ ጺምህ ረጥቧል እኮ! ብቻህን ጠጥተህ ነው?»

«ላቤ ነው፣ አንቺ ሴት።»

«የኛስ ላብ የት ሄደ?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ሳል ሆነ።

እኔም ዘበኛውን ጠረጠርኩት...

ያን ጊዜ ከተራራው ገደል አናት ድምፅ መጣ።

«ውሃ አለ... ውጡ...»

ዚነት ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«በኛ አገር ምንጩን የሚያይ ሰው ይቀድማል። ውሃ ካገኘ ከገደሉ ይጣራል። ከታች ‹የማን ልጅ ነህ?› እንለዋለን። የአባቱን ስም ሲናገር ሰው መሆኑን አውቀን እንወጣለን።»

«ይህንንስ ጠየቃችሁት?»

«ምን ያስጠይቃል? ድምፁ የአሊ ነው። የባሌን ድምፅ አላጣውም።»

በካሜራው ሽቅብ ተመለከትኩ። ከገደሉ ጫፍ ሰው ቆሟል። ነጭ ለብሷል።

እጅግ ነጭ...

የሚጠጣ ውሃ በጠፋበት በዚያ አገር፣ የታጠበ ልብስ የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ፎቶ አነሳሁት።

ፊልሙ ወልድያ ታጥቦ ሲመጣ ሰውየው ጎልቶ ወጣ። ፎቶውን ያሳየሁት ሹም፣ «ሰው ከኖረበት ውሃ አለ ማለት ነው» ብሎ በሩ እንዲከፈት ፈቀደ።

በደስታ እየበረርኩ ተመለስኩ።

ካሳው የፈቃዱን ወረቀት ተቀብሎ አጠፈው። ከዚያ ወደ ጎን ሳበኝ።

«እታለም... አሊን እኮ እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

«ምን?»

«ቀስ በይ! ከሽቦው ወዲያ ሞቶ አገኘሁት። በገዛ ኩታዬ ገነዝኩት። ዘበኛው ገደለው እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ።»

አላመንኩትም። ምንጩን ለራሱ ለማስቀረት የፈጠረው መሰለኝ።

እሱ ግን ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩን አልከፈተም...

የሰማሁትን ለዚነት ነገርኳት።

«ወላሂ ውሸቱን ነው! በጆሮዬ የሰማሁትን ትቼ የዘበኛ ወሬ ልመን?» አለችና ቁልፉን ነጠቀችው።

በሩ ተከፈተ። ጥሪው ከገደሉ አሁንም ይሰማል። ሰዉ እንስራውን ተሸክሞ፣ እየተደጋገፈ ሽቅብ ወጣ። ዚነት ከሁሉም ፊት ነበረች።

«ዚነት! መጀመሪያ ጠይቂው!»

አልዞረችም።

እኔው ወደ ገደሉ ጮህኩ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ጥሪው ተቋረጠ። ዝንቡ ሳይቀር ዝም አለ።

ከቆይታ በኋላ ድምፁ ተመለሰ። ከገደሉ ሳይሆን... ከጀርባዬ።

«አንቺስ... የማን ልጅ ነሽ?»

ካሳው አፌን በእጁ ከደነው።

«እንዳትመልሺ!»

ዞሬ ሳይ ከኋላችን ባዶ ሜዳ ብቻ ነበር። ሽቅብ ሳይ ደግሞ የወጡት ሰዎች ከቋጥኙ ጀርባ ተሰውረዋል።

እስከ ማታ ጠበቅን። የወረደ የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንስራዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው አገኘናቸው። ሁሉም እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ውሃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። ከተራራው በሚያመጣው መንገድ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም፤ የሰው ዱካም የለም።

የዚነት እንስራ ከሁሉም ፊት ነበር። ጎኑ ላይ የሕፃን መዳፍ ምልክት አርፎበታል፤ ገና እርጥብ ነው።

ፀሐይ ወጣች። አሸዋው ጋለ። ቀትር ሆነ።

መዳፉ አልደረቀም።

ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁት...

እርጥቦቹ ጣቶች፣ አንድ በአንድ፣ በዝግታ ታጠፉ።