ኮቴ አልባው እንግዳ

በ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ በሊቢያ ምድር አረንጓዴ ተራራ በሚባለው ደጋ ገብሱ ደርሶ ነበር፤ አጫጅ ግን አልነበረም። ከቱኒዚያዋ ከተማ ከስፋክስ ተነሥቶ ብቻውን በብስክሌት ካይሮ ሊገባ የተሳለው ሰዓት ሠሪው ሙንጂ ጠዋት ይህን ሲያይ ብዙም አልገረመው፤ ዕለቱ ጁምዓ ነውና ሰዉ ለቀትሩ ስግደት እየተዘጋጀ ይሆናል አለ። ቀትር ላይ ግን መንደር አልፎ መንደር ሲደርስ በሩ ሁሉ ገርበብ ብሎ አገኘው፤ ከየትኛውም ቤት የሕፃን ልቅሶ አልወጣም፤ ዶሮ እንኳ አልጮኸም።

ቤንጋዚ ላይ የይለፍ ወረቀቱን ያተመለት የጣሊያን ሻምበል «ከዋናው መንገድ እንዳትወጣ» ብሎ አስጠንቅቆት ነበር፤ ነገር ግን ኮዳው ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ሲጣበቅ፣ ከማስጠንቀቂያው ጥሙ በረታና በከብት መንገድ ወደ አንድ የውኃ ጉድጓድ ታጠፈ። የጉድጓዱ አፍ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ሳይደርቅ የረገጠችው ፍየል ዱካዋን ትታበታለች።

ወደ ማታ ገደማ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ከአንድ ደጃፍ ሲደርስ፣ ከውስጥ የሴት ድምፅ «ማነህ?» አለው።

ሙንጂ ክው አለ። «መንገደኛ ነኝ፣ እማማ። አሰላሙ አለይኩም።»

«መጀመሪያ ሰው መሆንህን ንገረኝ! ኮቴ ሳልሰማ እንዴት በሬ ላይ ደረስክ?»

«በብስክሌት ነው የመጣሁት። ጎማ ነው፤ ኮቴ የለውም።»

«በጎማ የሚሄድ ጣሊያን ነው።»

«ጣሊያን ብሆን ውኃ እለምንዎት ነበር?»

አሮጊቷ ሳቁ። ራቢሓ ይባላሉ፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እየዳሰሱ ከተሸሸገ ጋን ቀድተው አጠጡት።

«ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?» አላቸው።

«ወታደር እስከ ግመሉ ነድቶ ወሰደው፤ በረሃ ላይ ሽቦ አጥረው ሰፈር ሠርተዋል አሉ። እኔን ‹ይቺ መንገድ ላይ ትሞትብናለች› ብለው ተዉኝ።»

«እንግዲያው ከኋላዬ አስቀምጬ ልውሰድዎት።»

«በዚህ ዕድሜዬ ጎማ ላይ ልንጠልጠል? ተወኝ፣ ልጄ። ደግሞ ማታ ማታ የተወሰዱትን ጎረቤቶቼን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ብሄድ ማን ይጠራቸዋል?»

ፀሐይ ስትጠልቅ ራቢሓ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ሚፍታሕ! ያደም! መብሩካ!» እያሉ ተጣሩ፤ ከያንዳንዱ ስም በኋላም ጆሯቸውን አቅንተው ጠበቁ። ሙንጂ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ከማዶው ጨለማ ቤት የደከመ የወንድ ድምፅ «አቤት» አለ፤ ቀጥሎ ከጎረቤቱ፤ ቀጥሎ ካልታጨደው ማሳ። የገደል ማሚቶ እንዳይለው፣ የተጠራው ስም ነው፤ የተመለሰው ግን «አቤት» ነው።

አሮጊቷ ክንዱን ጨበጡት። «ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔስ ያበድኩ መስሎኝ ነበር» አሉና፣ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ካይሮ ሲገባ ጋዜጠኞች ከበቡት፤ ጎማው ስንቴ እንደፈነዳ ጠየቁት። ስለ መንደሩ ሊነግራቸው ሲጀምር ግን አንደኛው «ባዶ ቤት ምን ወሬ አለው፣ ወንድሜ?» አለና ብስክሌቱን ፎቶግራፍ አነሣ። በሽቦው ውስጥ ስላለቁት ሰዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግይተውም ቢሆን ጽፈዋል፤ በዚያች ምሽት ከባዶ ቤቶች «አቤት» ብለው ስለመለሱት ግን የጻፈ የለም። ሙንጂም ከዚያ በኋላ፣ ስሙ ከደጅ ሲጠራ ወጥቶ ያያል እንጂ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ «አቤት» ብሎ አያውቅም።