በሁዳዴ የታዘዘ ማስታገሻ

ውሻችን መከታን ባጃጅ ገጭቶት እግሩ ሲሰበር፣ ቀዶ ጥገናውን የሠራለት ፍቃዱ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። ቦንጋ ተወልጄ ሳድግ እንደሱ ውሻን አባብሎ የሚይዝ ወንድ አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ በመከታ ቀናሁ።

«ናዝራዊት፣ ማስታገሻው በቀን አንዴ ነው» አለኝ። «በባዶ ሆድ እንዳትሰጪው፣ ጨጓራውን ይጎዳዋል። መጀመሪያ ሥጋ ይብላ። የሰው ክኒን ደግሞ በጭራሽ።»

«እሺ ዶክተር» ብዬ ወጣሁ። ሁዳዴ መሆኑን መናገር አፍሬ ነው። እማዬ በጾም ሥጋ የሚባል ነገር ቤቷ አታስገባም፤ እኛ ቤት ውሻውም ይጾማል። ሽሮ ፈትፍቼ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሲያቃስት አንጀቴ አልችል አለና ክኒኑን እንዲሁ አስዋጥኩት።

በማግስቱ ሲያስመልሰው ታቅፌው ወደ ፍቃዱ ሮጥኩ።

«በልቶ ነበር?»

«ሽሮ ሰጥቼው እምቢ አለ» አልኩት።

«ማብላት ካልቻላችሁ ለምን ታሳድጋላችሁ?»

እንባዬ መጣ። «ጾም ነው እኮ... እማዬ ሥጋ አታስገባም።»

ፍቃዱ ፕሮቴስታንት ነው፤ ሁዳዴ መግባቱንም ልብ አላለም። «ይቅርታ፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ» አለኝ። ለጨጓራው መድኃኒት ሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ የተቀቀለ ሥጋ ይዞ ይመጣል። መከታን ደጅ አወጣለታለሁ፤ አብልቶት ማስታገሻውን ይሰጠዋል። እጁን እያስታጠብኩት እናወራለን። ወሬው ከውሻው አልፎ ወደኛ መጣ። ወደድኩት። ግን እማዬ ልጇን ለጴንጤ እንደማትሰጥ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድበት እማዬ በመስኮት አየችው።

«ለምን አይገባም?»

«ሥጋ ይዟላ። ጾምሽን ላለመድፈር ነው።»

እስኪሄድ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳችም።

መከታ ዳነ፤ ማስታገሻውም አለቀ። ፍቃዱ መምጫ ምክንያት አጣ፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። የፋሲካ ዕለት ግን እማዬ ራሷ «ያንን ልጅ ጥሪው» አለችኝ።

መጣ። ዶሮ ወጡ ቢቀርብለትም እጁን አልዘረጋም።

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ናዝራዊትን እወዳታለሁ። በሃይማኖት እንደምንለያይ አውቃለሁ...»

እማዬ የወጡን ጭልፋ አስቀመጠች።

«የእኔን ጾም ብሎ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ልጄን አያስከፋብኝም» አለች። «አባትህ ሽማግሌ ይላኩ። የሃይማኖቱን ነገር እኛ ትልልቆቹ እንነጋገርበታለን።»

ከዚያ አንዱን እንቁላል ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«አንተ ብላ ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።»