ሁለተኛው ቁጥር

«በእናትሽ ስም አጠገብ እንዳትጽፊ! ሰምተሻል?»

እትዬ ዘርፈሽዋል ጠረጴዛውን በጣታቸው ደበደቡት። ማንበብ ስለማይችሉ የምርጫ ወረቀታቸውን የምትሞላላቸው አምለሰት ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስክሪብቶውን አንቃ ይዛዋለች።

ስደተኞች በሚኖሩበት በዚህ የሮም ሕንፃ ዛሬ የኮሚቴ ሊቀመንበር ይመረጣል። የሚወዳደሩት ጥበቡ፣ ኃይለና የአምለሰት እናት ዘነበች ናቸው። ዘንድሮ ምርጫው በደረጃ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ። ትንሽ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ወረቀቶቹ ሁለተኛ ለተባለው ይሰጣሉ። ጠብ ይቀንሳል ተብሎ ነበር። ወይ መቀነስ! ድሮ ሰዉ የሚወደውን መርጦ ይገባ ነበር፤ አሁን የሚጠላውንም በቁጥር መደርደር ጀመረ።

«አሎራ፣ እሺ፣ አንደኛ ማን ልበል?»

«ጥበቡ።»

«ሁለተኛስ?»

«ኃይለ! ምድጃዬን ከኮሪደር ያስነሳችብኝን እናትሽን ልመርጥልሽ ኖሯል?»

አምለሰት ደሟ ፈላ። ኃይለ ካሸነፈ የምድር ቤቱን ማጥኛ ክፍል የዕቃ መጋዘን እንደሚያደርገው በየፎቁ ሲለፍፍ ከርሟል። እነሱ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ይተኛል፤ ፈተናዋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጥበቡ እንደማያሸንፍ ሁሉም ያውቃል። የሚቆጠረው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

አሮጊቷን ከልቧ ጠላቻቸው። እስክሪብቶው «ዘነበች» ከሚለው የእናቷ ስም አጠገብ ሄዶ ቆመ። አንዲት ቁጥር ናት፤ እሳቸው እንደሆነ አያውቁም።

«ምን ትጎተቻለሽ?» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ከነእናትሽ አልወድሽም። ግን አትዋሺም፤ ለዚህ ነው አንቺን የጠራሁሽ።»

አምለሰት ከንፈሯን ነከሰች። ጻፈችና በጣቷ እያሳየች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ጥበቡ አንድ። ኃይለ ሁለት። ልክ ነው እትዬ?»

«ልክ ነው። ሂጂ አሁን።»

ከሰዓት በኋላ ድምፁ ተቆጠረ። ኃይለ ሃያ፣ ዘነበች አሥራ ዘጠኝ፣ ጥበቡ ስምንት። ጥበቡ ወጣ፤ ስምንቱ ወረቀቶቹ ለሁለቱ አራት አራት ደረሱ። ኃይለ በአንድ ድምፅ አሸነፈ። ደጋፊዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዱ በእናቷ ፊት አፏጨ።

እናቷ ክንዷን ያዘች። «የዘርፈሽዋልን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አይደል? ሁለተኛ ማንን አለች?»

«የሳቸው ጉዳይ ነው፣ እማ።»

እናቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። አምለሰት ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ማጥኛ ክፍሉ ሳይቆለፍ ደብተሮቿን ልታወጣ ወደ ምድር ቤት ወረደች።