ሦስት ጊዜ የሸጥኩት ቅባት

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። በሰፈራችን ማን ደም ግፊት እንዳለበት፣ ማን እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ ማን የስኳር በሽታውን ከባለቤቱ ደብቆ እንደሚታከም አውቃለሁ። ስለዚህ «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ አያምርም።

ፍርዱ የተሰማው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጁን ደብድቦ የገደለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሃያ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዜናው በሬዲዮ ሲነበብ ፋርማሲው ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር።

«ሃያ ሦስት ብቻ? መሰቀል ሲያንሰው!» አለ የታክሲ ሹፌሩ፣ የሳል ሽሮፑን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ እያስቀመጠ።

«ይሄ አውሬ እንጂ ሰው አይደለም» አሉ ጡረተኛው መምህር። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ግን ለቁም ነገር ነበር። ግርፊያ ሌላ፣ ግድያ ሌላ።»

እኔም አልቀረሁም። «ለእኔ በሰጡኝና ባሳየሁት!» ብዬ ዛትኩ።

በር አጠገብ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማ ታዳምጠን ነበር። ተራዋ ሲደርስ የእናቷን የልብ መድኃኒት ማዘዣ ዘረጋችልኝ። ቀና ብዬ ሳያት አወቅኋት፤ የሟቿ ልጅ አክስት ናት። የልጅቷ እናት በወሊድ ከሞተች ወዲህ ከሌላ ከተማ አልፎ አልፎ እየመጣች የምትጠይቃት እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹም አውቀዋት ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቀጥሉ እንጂ» አለች። «ፍርድ ቤት በር ላይም እንዲህ ሲጮኹ ነው ትቻቸው የመጣሁት። ፖሊስ ምስክር ፍለጋ ይህን መንገድ ቤት ለቤት ሲያዳርስ ግን አብሬው ነበርኩ። ያኔ ድምፅ ያለው ሰው አላገኘንም።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ከእነሱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እርስዎ አይደሉም?»

«የአባትና የልጅ ነገር ነው ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ። ሲቀጣት መሰለኝ። በሰው ቤት ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«ስታለቅስ ይሰማዎት ነበር?»

«ይሰማኛል።»

«ስንት ቀን?»

ሹፌሩ ሽሮፑን ኪሱ ከትቶ አቀረቀረ። መምህሩም መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

«ያስፈረደበት የሐኪም ወረቀት ነው» አለች አክስቲቱ። «አንድም የሰው ምስክር አልተገኘም።»

ያን ጊዜ መድኃኒቱን ሰጥቼ መሸኘት እችል ነበር። ግን ፖሊሱ እኔንም ጠይቆኝ «ደንበኛችን ነው፤ ምንም አላየሁም» ብዬው ነበርና አላስቻለኝም። በመጨረሻ እንደ ምንም ነገርኳት።

ሰውየው በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ከእኔ የቃጠሎ ቅባት ገዝቷል። ትሁት፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚል ሰው ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣችን ሲበላሽ መጥቶ የጠገነልን እሱ ነበር። በሦስተኛው ልጅቷን ይዟት መጣ። የእጇ ጀርባ ላይ የሲጋራ ጫፍ የሚያክል ክብ ክብ ቁስል አየሁ። «ምን ሆና ነው?» ስለው «ሻይ ደፍታበት ነው፤ ቀዥቃዣ ናት» አለኝ። ሻይ እንዲያ አድርጎ እንደማያቃጥል አሳምሬ አውቃለሁ፤ ተምሬበታለሁ። ልጅቷ አይኔን አይኔን ታየኝ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ጎኔን ጎሸም አድርጋ «ተይ እንጂ፣ የሰው ቤት ነው። ደግሞ ባለውለታችን ነው» አለችኝ። ተውኩት። ቅባቱን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲቀባት አስረዳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ተቀበረች።

አክስቲቱ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«ከረሜላ ሰጥቻት ነበር… ‹አመሰግናለሁ› አለችኝ።»

መድኃኒቱን ከእጄ ወሰደች። «ይሄን እናቴ እንዳትሰማ» ብላ ወጣች። አልሰደበችኝም። ምናለ በሰደበችኝ!

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ልስጥ አልኩ። ተረኛው «ጉዳዩ እኮ አልቋል፣ እመቤት። አሁን ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሟቿ ልጅ ምንም አይጠቅምም። ጻፈው ብዬ ግን ድርቅ አልኩበት። እየሰለቸው ጻፈልኝ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። የልጁ ጉንጭ ጠቁሮ አብጧል። ብጠይቃት «ከደረጃ ወድቆ ነው» አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ አሁንም ጎሸም አደረገችኝ። እኔ ግን ሴትየዋ እንደወጣች ስልክ አነሳሁና ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ደወልኩ። ቤቷ ሄዱ፤ ልጁን አስመረመሩ፤ ጎረቤት ጠየቁ። እውነትም ወድቆ ኖሯል።

ሴትየዋ ተመልሳ መጥታ በሰው ፊት ልክ ልኬን ነገረችኝ። «ስሜን አጠፋሽው! ልጄን እንደ ሌባ ሲያገላብጡት ዋሉ!» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አልተቀበለችኝም። ዛሬ መድኃኒቷን ከወዲያ ማዶ ካለው ፋርማሲ ነው የምትገዛው። ሳገኛት ፊቷን ታዞርብኛለች።

እናንተ በፍርድ ቀን የምትጮኹ ሁሉ፣ እኔም ከእናንተ አንዷ ነበርኩ። ቁጣችን ውሸት አይደለም፤ የሚመጣው ግን ከቀብር በኋላ ነው። ተሳስቶ መጠየቅ ያሳፍራል፤ እኔም አፍሬያለሁ። ያ ልጅ ግን ጉንጩ ድኖ፣ እናቱን እጇን እየጎተተ በፋርማሲያችን ደጅ ሲያልፍ አየዋለሁ።