ካይሳ ካርዱ ላይ የጻፈችው

«ማንም እጁ ተጠምዝዞ አይቆምርም! ፈቅዶ ነው!» አለች ዴልፊን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ካይሳ እርር ድብን አለች። የሆኪ ቡድኑ አምበል ዴልፊን፣ የክፍሉ አንደኛ ዴልፊን፣ አሁን ደግሞ ክርክሩም የሷ! «የኢንተርኔት ቁማር ይታገድ ወይስ አይታገድ?» በሚለው ክርክር ማን የቱን እንደሚይዝ የለየው የመምህርት ኦዴት ሳንቲም ነበር። ቀላሉ «ይታገድ» ለካይሳ ደረሳት። ምን ዋጋ አለው? ከባዱን ይዛም የምታሸንፈው ያቺው ናት። አሸናፊዋ ደግሞ ለትልቁ ውድድር ቶሮንቶ ትሄዳለች። ካይሳ ከከተማዋ ከተንደር ቤይ ርቃ አታውቅም።

«ካይሳ፣ ለመልስ አንድ ደቂቃ አለሽ» አሉ መምህርቷ።

ካርዱ እጇ ላይ ነው። ጠዋት ዴልፊን ይህንኑ ስትለማመድ ሰምታ በንዴት የጻፈችበት እንዲህ ይላል፦ «ፈቅዶ ነው? እስቲ አባትሽን እንጠይቃቸው!»

ነገሩን የነገረቻት ራሷ ዴልፊን ናት፤ ከልምምድ በኋላ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ እያለቀሰች። አባቷ በበረዶ ላይ የምትነዳዋን ሞተር «ለጥገና ወሰድኳት» ብለው ሸጠው፣ በገንዘቡ ስልካቸው ላይ ቆመሩ። ቀደም ሲል ራሳቸው «እባካችሁ አግዱኝ» ብለው ለቁማር ድርጅቱ ጽፈው ታግደው ነበር። በወሩ በሚስታቸው ስም ተመዝግበው ተመለሱ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ በናትሽ» ብላታለች ዴልፊን።

ካይሳ ተነሳች። «ተከራካሪዬ ፈቅዶ ነው ብላለች። እኔ ግን አንድ ሰው አውቃለሁ...»

የዴልፊን ፊት አመድ መሰለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አባቷ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ለልጃቸው ከሁሉም በላይ ሲያጨበጭቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አሁን አንገታቸውን ደፍተዋል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ቶሮንቶ የሷ ናት!

«ሠላሳ ሰከንድ ቀረሽ።»

«ይቅር» አለች ካይሳ ካርዱን ኪሷ እየከተተች። «ጨርሻለሁ።»

ዴልፊን አሸነፈች። ካይሳም አጨበጨበች፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ አንጀቷ እያረረ ነው ያጨበጨበችው።

ኮሪደሩ ላይ ዴልፊን ክንዷን ያዘቻት። «ምን ልትይ ነበር?»

«ጠፋብኝ።»

«ውሸታም!» ዐይኗ እንባ ሞልቷል። «ታሸንፊኝ ነበር እኮ፣ አንቺ ጅል።»

«አውቃለሁ። አሁን ዞር በይልኝ፣ አቃጥለሽኛል።»

የዴልፊን አባት ከኋላ መጡ። ልጃቸውን አቀፉና ወደ ካይሳ ዞሩ፤ ዐይኗን ግን አላዩም።

«እኔ ዳኛ ብሆን ኖሮ፣ ልጄ» አሉ ኮፍያቸውን እያሻሹ፣ «ላንቺ ነበር የምፈርደው።»

ካይሳ እጇን ኪሷ ከተተችና ካርዱን እዚያው ውስጥ ቀዳደደችው።