ስፌት የሌለው ልብስ

ባለቤቴ «ተይው፣ አትጻፊው» ብሎኝ ነበር። «ሰው አያምንሽም፣ የአራስ ቅዠት ነው ይሉሻል» አለኝ።

ይበሉኝ።

እኔ የማወራው የሆነውን ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሆነው በውድቅት ሌሊት ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ።

ወረርሽኙ የበረታበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በማግስቱ «አልጋው ለሌላ ሰው ይፈለጋል» ተብዬ ወደ ቤት ተሸኘሁ። ጠያቂ የለም። ጎረቤት እንኳ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለኝ በሩን ሳይከፍት፣ ከውስጥ ሆኖ ነው።

ባለቤቴ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያመላልስ ስለሚውል፣ «እናንተን ከማስይዝ እዚያው ልደር» ብሎ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ማደሪያ ገብቷል። ልጁን አንድም ቀን አቅፎት አያውቅም። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከሕንፃው ሥር ይቆማል፣ ይደውላል፣ እኔም ሕፃኑን በመስኮት አንሥቼ አሳየዋለሁ። እሱ ከታች እጁን ያውለበልባል።

በቃ። አባትና ልጅ የተዋወቁት እንዲህ ነው።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሕፃኑና የአምስት ዓመቷ ሴት ልጄ ብቻ ነን። ስትዘል ስለምትውል አባቷ «አንበጣ» ይላታል።

በወለድኩ በአምስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ... ሦስት ጊዜ።

«ማነው?»

«ከጤና ጣቢያ ነው። ሕፃኑን ልመዝን።»

በበሩ ቀዳዳ አየኋት። ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ መከላከያ ልብስ ለብሳለች። ማስክ አድርጋለች፣ ከማስኩ በላይ ፊት የሚሸፍነው ፕላስቲክ አለ፣ ጓንትም አለ። ያን ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለብሰው፤ ምን ያጠራጥራል?

«ይግቡ ሲስተር» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ... ሰው ርቦኝ ነበር።

የሚንጠለጠል ሚዛኗን አውጥታ ልጁን መዘነችው። ከዚያ «እመጫት፣ ውሃ አፍልተሽ አምጪልኝ፣ እጄን ልታጠብ» አለችኝ።

አፍልቼ ስመለስ ልጁን አስተኝታ ቆማለች። ውሃውን አልነካችውም። ጓንቷንም አላወለቀችም። አመስግና ወጣች።

በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን።

ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት። ሁልጊዜ ሦስቴ ማንኳኳት። ሁልጊዜ «ውሃ አፍዪልኝ»...

ውሃው ግን ሁልጊዜ እንዳለ ቀዝቅዞ ይደፋል።

በአራተኛው ቀን ግን ልብሷን ልብ ብዬ አየሁት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ፊት ከማየቴ በፊት የለበሰውን ነው የማየው፤ አመል ሆኖብኛል። ጎንበስ ብላ ልጁን ስታነሣ ዓይኔ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ስፌቱን ፈለግሁት። ትከሻዋ ላይ የለም። ብብቷ ሥር የለም። ልብሱ ዚፕ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ ጠርዝ የለውም።

ታዲያ... በየት በኩል ገባችበት?

ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ክፍሉ ይሞቃል፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እኔ በማስክ ስተነፍስ መነጽሬ ድብዝዝ ይላል። የሷ ፕላስቲክ ግን ጥርት ያለ ነው። እያወራችም ጥርት ያለ ነው።

ማስኳ... አይነቃነቅም።

«ምነው አፈጠጥሽብኝ፣ እመጫት?»

«አ... አይ፣ ምንም።»

«አንበጣስ ዛሬ የት ተደበቀች?»

ይቺ ሴትዮ ስትመጣ ልጄ ጠረጴዛ ሥር ነው የምትገባው። ያንን ቅጽል ስም ደግሞ በፊቷ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም።

እንደምንም ሸኘኋት። በሩን ቆለፍኩ፣ ሰንሰለቱንም አስገባሁ። ከዚያ ጠረጴዛው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«ነይ ውጪ፣ ሄዳለች።»

ልጄ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«አንቺ ነሽ ስምሽን የነገርሻት?»

«እኔ አላወራኋትም እማዬ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ ነው የነገራት።»

«እሱ ማን?»

ጣቷን ወደ ሕፃኑ አልጋ ቀሰረች።

«አንቺ ውሃ ልታፈዪ ስትሄጂ ትጠይቀዋለች... እሱም ይመልስላታል።»

ልቆጣት አሰብኩና ተውኩት። ታናሽ ሲወለድ ታላቅ ይቀናል ይባላል፤ ቅናት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልጋው ጋ ስሄድ ግን የስምንት ቀን ልጄ ነቅቷል። አያለቅስም። ዓይን ዓይኔን ያየኛል... አንድ ነገር እንደሚያውቅ ትልቅ ሰው።

ያን ቀን የገዛ ልጄን ፈራሁት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

አስር ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ልጁን አቅፌ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ባለቤቴ ከታች አምቡላንሱን ተደግፎ ቆሟል።

«ቁርጥ እኔን!» አለና ሳቀ። «አፍንጫው ግን ያንቺ ነው፤ እሱን በይግባኝ እናየዋለን።»

አልሳቅሁም።

«ስማ... ጤና ጣቢያ የላካት ነርስ ማናት?»

«የምን ነርስ?»

«ልጁን የምትመዝነው። በየቀኑ የምትመጣው።»



«ቤት ለቤት መሄድ ከቆመ እኮ ወር አለፈው። ነርሶቹን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ወደናንተ የተላከ ሰው የለም።»

«ዛሬም መጥታ ነበር እኮ! አሁን ነው የሸኘኋት...»

«ቆይ፣ ቆይ።» ድምፁ ተለወጠ። «በየቀኑ መስኮቱ ጋ ከኋላሽ የምትቆመው... ነጭ የለበሰችው... እህትሽ አይደለችም እንዴ?»



«እህቴ? መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ እህቴ በየት ትመጣለች?»

«ልትረዳሽ የመጣች መስሎኝ... ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከላይ ሆኜ አየሁት። አምቡላንሱን መደገፉን ትቷል። ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም። ከትከሻዬ በላይ ነው።

«አሁንም አለች?» ብዬ አንሾካሾክሁ።

«አትዙሪ።»

«እኔ...»

«አትዙሪ አልኩሽ። ልጁን አጥብቀሽ ያዢው። መጣሁ።»

ሲሮጥ አየሁት። ስልኩን አልዘጋውም፤ ሲያለከልክ ይሰማኛል። ጫማው ደረጃውን ሲመታ ይሰማኛል። አንደኛ ፎቅ... ሁለተኛ...

ከኋላዬ ግን ምንም አይሰማም። ትንፋሽ የለም። ኮቴ የለም።

ልጁን ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኩት። አገጩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ወደ ኋላዬ ያያል።

ሳቀ።

የስምንት ቀን ልጅ እንዲያ አይስቅም። ድምፅ አውጥቶ... ሰው እንዳጫወተው።

በሩ ተደበደበ። «ክፈቺ! እኔ ነኝ!» ሰንሰለቱ ከውስጥ ነው። መዞር ግድ ሆነብኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ዞርኩ። ከዚያ ገለጥኩት።

ማንም የለም።

ልጄ ጠረጴዛው ሥር በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፍናለች።

«የት ሄደች?» ብዬ ጮህኩባት።

«እኔ እንጃ እማዬ... ጨፍኚ አለችኝ።»

ባለቤቴ ገብቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ አልጋ ሥር አየ፣ ሻወር ቤቱን አየ። ምንም የለም። ሰንሰለቱን እኔ ራሴ ነኝ ከውስጥ የከፈትኩት። መስኮቱ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ሲደክመው ወደ እቃ ማጠቢያው ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈተገ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ልጁን ሰጠሁት። የመጀመሪያው ነበር።

ለቅሶ ሰማሁ። ሕፃኑ አልነበረም። አባቱ ነው።

በዚያው ሰዓት ሁለት ሻንጣ ይዘን ከቤቱ ወጣን። መውጫው ላይ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከጠዋት እስከ ማታ የማይነሡ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ነጭ የለበሰች ነርስ ስትወጣ ስትወርድ አይተዋል?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ከወለድሽ ወዲህ ከነዋሪው ሌላ ወደ ላይ ሲወጣ ያየሁት ባልሽን ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ።»

ወደዚያ ቤት አልተመለስንም። የቀረውን ዕቃ የባለቤቴ ወንድም ነው ያወጣው። ጤና ጣቢያም ጠየቅን፤ እንዲህ ያለች ሠራተኛ አያውቁም። ሁለት ወር ሙሉ ልጄን በጥርጣሬ ሳይ ከረምኩ። ሲያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማልቀስ የሕፃን ነው። ሲስቅ ግን ዞሬ የሚስቅበትን እፈልጋለሁ።

ከዚያ ጥርስ አወጣ፣ ዳኸ፣ ቆመ። እንደማንኛውም ልጅ ወደቀ፣ ተነሣ። እኔም ቀስ በቀስ ተውኩት። ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ማስኩም ቀርቷል፣ ሰውም መጠያየቅ ጀምሯል።

ይህን የጻፍኩት ባለፈው እሑድ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው።

ረፋድ ላይ ነው። ባለቤቴና ታላቋ ውጪ ናቸው። እኔ የታጠበ ልብስ አጣጥፋለሁ። ልጁ ክፍሉ መሃል፣ ፊቱን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

ልጆች «እቀፉኝ» ሲሉ እንደሚያደርጉት ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ና ወደ እማዬ» አልኩት።

አልዞረም። እጆቹን እንደዘረጋ... ተረከዙ ከወለሉ ተነሣ።

ቀጥሎ የእግሩ ጣቶች።