ዝቅ ብሎ የሚተኛ አየር

ዶክተር መልከጼዴቅ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ ከምድር ቤት ወደ ላይ በሚያወጣው ደረጃ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የዕድሜያቸውን ግማሽ የአይስላንድን እሳተ ገሞራዎች ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ጽጌረዳ ጣሰው ስትደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የማሞቂያውን ጭስ ለክተው ምንም አላገኙም። አስከሬኑ ላይ ቁስል የለም። ዶክተሩ ወደሚተኙበት ምድር ቤት ወረደች። ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። አልጋው ሥር ክዳን የሌለው ባዶ የፎም ሳጥን፣ ቀዝቃዛ ምግብ የሚያዝበት ዓይነት፣ አገኘች፤ ውስጡን በጣቷ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ከጣሪያው ሥር፣ ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ አንዲት ድመት ቁልቁል ታያታለች።

«ድመቷ እዚሁ ነው ያደረችው?»

«አዎ፤ ዳድ በሩን ዘግቶ ነው የሚተኛው፤ እሷም አትወጣም» አለች ልጃቸው ሔቨን። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

ሳሎን ውስጥ የሟች ሚስት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ለጽጌረዳ ውሃ አቀረቡላት። የሁለቱም እጃቸው ጣቶች ጫፍ ነጣ ብሎ ውሃ ቋጥሯል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ድስት አቃጠለኝ» አሉና ጣቶቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

የወይዘሮዋ ወንድም ሊዑል መስኮቱ አጠገብ ይንቆራጠጣል። የሚሠራው ኮሜርስ ሲቲ፣ የቀዘቀዘ ምግብ የሚጭን መጋዘን ውስጥ ነው። እሁድ ዕለት ከሟቹ ጋር ክፉኛ መጣላቱን ሔቨን ለፖሊስ ተናግራለች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ጽጌረዳ።

«በሮቤል፣ በእህቴ ልጅ። አምና አይስላንድ ይዞት ሄዶ ሬሳውን አመጣልን። አሁን ደግሞ እሳተ ገሞራው እንደገና ፈነዳ ብሎ ትኬት ቆረጠ። የልጁ ሙት ዓመት እንኳ ሳይወጣ።»

«ሳጥኑን አንተ ነህ ያመጣኸው?»

ሊዑል እህቱን አየት አደረገ። «እኔ ነኝ። ምግብ የምናቀዘቅዝበትን ድራይ አይስ ከሥራ አመጣሁ። የገደልኩትም እኔ ነኝ።»

ጽጌረዳ ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ጠጋ አለ፤ እሷም ማስረዳት ጀመረች።

«የማሞቂያ ጭስ ቢሆን ክፍሉን ሁሉ ሞልቶ ድመቷንም ይገድል ነበር። እሷ ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረች ተረፈች። ስለዚህ ዶክተሩን የገደላቸው ከአየር የሚከብድ፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ የሚጠራቀም ጋዝ ነው። ሳጥኑ ደረቅ ነው፤ ተራ በረዶ ቢሆን ውሃ ይተው ነበር። ድራይ አይስ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ሆኖ ነው የሚያልቀው። አይስላንድም እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ይኸው ጋዝ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ሮቤልም የሞተው እንዲህ ነው አይደል?»

«ድንጋይ ሊያነሳ ዝቅ ያለ ቦታ ወርዶ» አለች ሔቨን።

«ሊዑል ይህን ነገር በየቀኑ ስለሚሠራበት በባዶ እጁ አይነካውም። እጁን ተመልከቱት፣ ደህና ነው። የማያውቅ ሰው ከነካው ግን ልክ እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ሊዑል፣ እህትህ ድራይ አይሱን ለምን ፈለጉት?»

«ለሙት ዓመቱ ድግስ ሥጋ ማቆያ አለችኝ» አለ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል እጃቸውን ከነጠላቸው አወጡ።

«ልጄ እንዴት ሞተ ብዬ ስንቴ ጠየቅኩት። እንደ እንቅልፍ ነው አለኝ። አየሩ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ሰውም አብሮት ይተኛል፣ ሮቤል ምንም አላወቀም አለኝ። ልጄን የበላውን ያን ተራራ ሊያይ ሻንጣውን ሲያስር፣ እንቅልፍ ከሆነ እሱም ይተኛ ብዬ ሳጥኑን ከፍቼ አልጋው ሥር አስቀመጥኩለት። እንዲሠቃይ ፈልጌ አልነበረም።» የቆሰሉ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ደረጃው ላይ ነበር። ምንጣፉን በጥፍሩ ቧጥጦታል።» ቀና ብለው ጽጌረዳን አዩ። «እንቅልፍ አይደለም፣ አይደል?»

ጽጌረዳ ያ ጋዝ የተኛን ሰው ቀስቅሶ፣ ትንፋሹን አጣድፎ እንደሚገድል ታውቃለች። አይታለች።

«አይደለም» አለች።

«እንግዲያ ልጄም እንዲህ ነው የሞተው። ባሌ ያውቅ ነበር። እኔ እንዳላውቅ ብሎ ብቻውን ይዞት ኖረ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ሁለቱንም እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉለት። ሔቨን ከመቀመጫዋ ተነሳች። የእናቷን ጫማ ከበሩ ሥር አምጥታ ተንበረከከችና አንድ በአንድ እግራቸው ላይ አጠለቀችላቸው። ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም።